የበጋው ጎማና የፍጥነቱ ዋጋ

ከብራዚል ደን እየተቀዳ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ይጫን የነበረው የጎማ ሙጫ፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁትም ወደ ጥንተ መልኩ የሚመለስ ሆኖ ስለ ተገኘ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የነበሩትን ነጋዴዎች እጅግ ቢያስጐመጃቸውም፣ ፈውስ ያልተገኘለት አንድ ጽኑ ደዌ ነበረበት፤ ይኸውም በቍሩ ወራት ደርቆ መሰንጠቁ፣ በሐሩሩ ወራት ደግሞ ቀልጦ መጣበቁና ለአፍንጫ የሚከብድ ሽታ ማምጣቱ ነበር። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ሙጫውን በሁለት ጨርቅ መካከል ቀብቶ የዝናብ ካፖርት ቢያወጣ፣ ካፖርቱ በብርድ ጊዜ ግትር ብሎ አልታጠፍ፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ተጣብቆ አልላቀቅ እያለ ለባሾቹን ያስቸግራቸው ነበር። በአሜሪካም በማሳቹሴትስ ግዛት የተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ የጎማ ፋብሪካዎች የሸጡት ጫማና ልብስ በበጋው ፀሓይ እየቀለጠ ስለ ተመለሰባቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለውድቀት ተዳረጉ።

ስለ ፈጣን መኪና የበጋ ጎማ ልጽፍ ተነሥቼ ከዝናብ ካፖርት መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜኑ አገር ያሉ ባለ መኪናዎች ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገጥመውት የሚነዱት፣ መሪውን ጥቂት ዘወር ሲያደርጉት ወዲያው የሚታዘዘው፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ እንኳ ፍሬን ሲረገጥ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ ነገር ግን ብርድ በገባ ጊዜ ጠባዩን ለውጦ ጌታውን የሚከዳው ያ ጎማ፣ ጸጋውም ነውሩም ከዚያ ከጥንቱ ደዌ የተወለዱ ናቸው። ሊቃውንቱ ላለፉት 180 ዓመታት በብዙ ጥበብ ቢያባብሉትም፣ የወራት መለዋወጥ ከጎማ ባሕርይ ውስጥ ፈጽሞ አልወጣም።

ደዌውን መጀመሪያ ያስታገሠው በዕዳ ምክንያት ወኅኒ ቤት መግባትና መውጣት የለመደው አሜሪካዊ ቻርልስ ጉድይር ነው። ይህ ሰው የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይኖረው፣ የቤት ዕቃውን እየሸጠ፣ ሙጫውን ያገኘውን ዱቄት ሁሉ እየቀላቀለ ሲሞክር ቆይቶ፣ በ1839 የቍር ወራት በማሳቹሴትስ በዎበርን ከተማ ሳለ ከድኝ ጋር የተለወሰ ሙጫ ከጋለ ምድጃ ጋር ቢነካካ፣ እንደ ልማዱ በመቅለጥ ፈንታ ዳርና ዳሩ ጠንክሮ፣ ነገር ግን መለጠጡን ሳይተው ተገኘ። በዘመናችን ሊቃውንት ቋንቋ ምሥጢሩ ይህ ነው፦ የሙጫው ረዣዥም ሰንሰለቶች አንዱ በሌላው ላይ እንዲሁ ተደራርበው የሚንሸራተቱ ስለ ነበሩ፣ በእሳት ኃይል የገባው ድኝ በመካከላቸው ድልድይ ሠርቶ እርስ በርስ አሰራቸው። ጉድይር በ1844 የፈጠራ መብቱን በሕግ ቢያስመዘግብም ከግኝቱ ሀብት ሳያገኝ በ1860 ብዙ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ታላቅ የጎማ ኩባንያ የተመሠረተው ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ በሌሎች ሰዎች እጅ ነው።

ጎማን በነፋስ ሞልቶ በቸርኬ ላይ የማልበስ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ተወልዷል። መጀመሪያ በ1845 የ23 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ለፈረስ ጋሪ የሚሆን የነፋስ ጎማ ሠርቶ መብቱን አስመዘገበ፤ ዘመኑ ግን ገና ስላልደረሰ ነገሩ ተረሳ። ኋላም በ1888 በቤልፋስት ከተማ የከብት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ የትንሹን ልጁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዲለዝብለት አስቦ ያንኑ ሐሳብ ከቶምሰን ሳይሰማ እንደ ገና አገኘው፤ በማግሥቱ ዓመትም ዊሊ ሂዩም የተባለው ብስክሌተኛ በዚሁ ጎማ ተቀምጦ በቤልፋስት ባላንጣዎቹን ስለ ረታ፣ ፈጣኖች ሁሉ ወደ ነፋሱ ጎማ ፊታቸውን መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎማ ታሪክ ከውድድር ሜዳ ተለይቶ አያውቅም።

በመኪና ግን ነገሩ በቀላሉ አልሆነም። ክሌርሞን ፌራን በተባለችው የፈረንሣይ ከተማ የጎማ ፋብሪካ የነበራቸው አንድሬና ኤዱዋር ሚሽላን፣ በ1895 ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው 1,178 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ውድድር ላይ መኪናውን በነፋስ ጎማ የሚያስገባ አንድ እንኳ ባለ ፋብሪካ ስላላገኙ፣ «ኤክሌር» ማለት «መብረቅ» ብለው የሰየሟትን መኪና ራሳቸው አዘጋጅተው ራሳቸው ነዱ። በየመንገዱ ጎማው እየተነፈሰ፣ እነርሱም በየመንገዱ ወርደው የውስጡን ጎማ እየለወጡና እየለጠፉ፣ ከተወሰነው የሰዓት ገደብ አልፈው ፓሪስ ገቡ። አንደኛ የደረሰው ኤሚል ሌቫሶር በደረቅ ጎማ ላይ ተቀምጦ በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ የጨረሰው ስለ ነበረ፣ ተመልካቹ ሁሉ የነፋስ ጎማ ለመኪና እንደማይሆን ቢፈርድ አይፈረድበትም ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት አልፈው ፈጣን መኪና ሁሉ በነፋስ ላይ ሲሄድ ታየ። እኔ ከዚያ ውድድር የማደንቀው የሌቫሶርን ድል ሳይሆን የሁለቱን ወንድማማቾች ትዕግሥት ነው፤ ሥራቸው በሕዝብ ፊት መቶ ጊዜ ሲተነፍስ መቶ ጊዜ ነፍተውታልና።

እዚህ ላይ የጎማን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው የማይገባው ደም የነካው ምዕራፍ አለ። የብስክሌቱና የመኪናው ጎማ ገበያ በድንገት በሰፋ ጊዜ፣ ሙጫው ገና ከዱር ዛፍና ሐረግ የሚለቀም ስለ ነበረ፣ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ እንደ ግል ርስቱ ይገዛት በነበረችው በኮንጎ ነጻ መንግሥት የአገሩ ሕዝብ በጅራፍና በጠመንጃ እየተገደደ ሙጫ ይለቅም ነበር፤ የተወሰነበትን መጠን ያላመጣም ቤተ ሰቡ በመያዣ ይታሰርበት፣ መንደሩ ይቃጠልበት፣ ብዙ ጊዜም እጅ ይቈረጥ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ሮጀር ኬስመንት ያየውንና የሰማውን በ1904 በታተመው ዘገባው ለዓለም ገለጠው። በአውሮፓ አደባባይ ጸጥ ብሎ ይንሸራሸር የነበረው የነፋስ ጎማ ከዚህ ግፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማስታወስ ከታሪክ ጸሐፊ የሚፈለግ የኅሊና ግዴታ ነው። ግፉን እያዳከመው የሄደው የሰዎቹ ጩኸት ብቻ ሳይሆን የተክል ጎማ መስፋፋት ጭምር ነው፤ ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል ወደ ለንደን ካመጣው 70,000 ገደማ ዘር የበቀሉት ችግኞች ወደ ሴይሎንና ወደ ማላያ ተሻግረው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የዓለም ጎማ በረድፍ ከተተከለ ዛፍ ወደ መገኘት ተላለፈ።

የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች መልካቸው ነጣ ያለ እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጎማ ጥቁር የሆነው በሙጫው ውስጥ የጥላሸት ዱቄት መቀላቀል ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ይህ ዱቄት ቢናቅም የጎማውን ዕድሜና ጥንካሬ እጅግ አብዝቶታል። ፊቱም በመጀመሪያ ልስልስ ነበር፤ በጭቃና በዝናብ ሲያንሸራትት ስላዩት ከ1904 ጀምሮ በጀርመን ኮንቲኔንታል፣ በኋላም በአሜሪካ ፋየርስቶን ጥርስ አወጡለት። አካሉን የሚይዘው ደግሞ በሙጫ የተነከረ የጥጥ ክር ነበረ፤ ክሮቹ በሰያፍ እየተሻገሩ ብዙ ንጣፍ ሆነው ይደረደራሉ። ይህ ባለ ሰያፍ ክር ጎማ ወደ ግማሽ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ዓለምን ሲያሽከረክር ቆየ።

ጎማ መንገድን የሚይዘው በምን ኃይል ነው? አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ከምድር ጋር የሚገናኘው፣ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ከሰው መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ነው፤ የሹፌሩም ሕይወት፣ የልጆቹም ሕይወት በእነዚህ አራት ስፍራዎች ላይ ያርፋል። ለረጅም ዘመን የመያዙ ነገር በጥርሱ ቅርጽ ብቻ ይመስል ነበር። በ1950ዎቹ በካምብሪጅ ዴቪድ ታቦርና ባልደረቦቹ፣ በ1963 ደግሞ ካርል ግሮሽ ባደረጉት ምርምር ግን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ መሆኑ ታወቀ። ጎማው በአስፋልቱ ጠጠሮች ላይ ሲያልፍ ይታመቃል፣ ከዚያም ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን የተቀበለውን ኃይል ሁሉ አይመልስም፣ ከፊሉን በሙቀት መልክ ያስቀረዋል፤ ይህ የሚቀረው ኃይል ነው መኪናውን የሚይዘው። እንግዲያስ ኃይልን ፈጥኖ የሚመልስ ቀልጣፋ ጎማ በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ነገር ግን ያንሸራትታል፤ ኃይልን በውስጡ የሚያስቀር ሰነፍ ጎማ ደግሞ ምድርን አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። የፈጣን ጎማ ሠሪዎች ከዚያ ወዲህ የተከራከሩበት ነገር ሁሉ በዚህ በአንዱ ሕግ ውስጥ ነው፤ ምንም ነገር በነጻ አይገኝም፣ መያዝን የፈለገ ዕድሜን ይከፍላል።

ይህን ሕግ ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ሳያሰፍሩት አስቀድመው በመቀመጫቸውና በመዳፋቸው ያወቁት ሹፌሮች ናቸው። በ1957 በነሐሴ ወር በጀርመን አገር በኑርቡርግሪንግ፣ አንዱ ዙር ወደ 23 ኪሎ ሜትር በሚጠጋውና በጫካና በተራራ መካከል በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ በተደረገው ውድድር፣ የ46 ዓመቱ አርጀንቲናዊ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ የተቃዋሚዎቹ የፌራሪ ሹፌሮች በጠንካራ ጎማ ሳይቆሙ 22ቱን ዙር ሊጨርሱ ማሰባቸውን ዐውቆ፣ እርሱ በማዜራቲው በግማሽ ነዳጅና በለስላሳ ጎማ ሊነሣ፣ በመካከሉም ቆሞ ጎማውን ሊለውጥ ቈረጠ። ለስላሳው ጎማ ምድርን ስለሚይዝለት ቀድሞ ርቆ ሄደ፤ ዳሩ ግን ሊለውጥ በቆመ ጊዜ ሠራተኞቹ ዘገዩበትና ወደ 50 ሰከንድ በሚጠጋ ርቀት ከሁለቱ ፌራሪዎች ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ለጎማ ታሪክ የሚበቃ ምስክር ነው፦ አዲሶቹ ጎማዎች መሞቃቸው ተሰምቶት የዙሩን ክብረ ወሰን ደጋግሞ እየሰበረ፣ በመጨረሻም በ9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ አንዱን ዙር ፈጽሞ፣ ለመነሻ ቦታ በተደረገው ፉክክር ራሱ ካስመዘገበው ሰዓት 8 ሰከንድ አሻሽሎ፣ የመጨረሻው ዙር ሳይደርስ ሁለቱንም ፌራሪዎች አልፎ አሸነፈ። በዚያ ዘመን ጥበበኛ ሹፌር በኩርባ ውስጥ አራቱም ጎማዎች በአንድነት ጥቂት እየተንሸራተቱ እንዲሄዱ አድርጎ ይነዳ ነበር፤ ባለ ሰያፍ ክሩ ጎማ መንገዱን ሲለቅ ቀስ ብሎ፣ እየጮኸና እያስጠነቀቀ ስለሚለቅ ይህን ጨዋታ ይፈቅድ ነበር።

ጨዋታውን የለወጠው ከሚሽላን ማተሚያ ክፍል የመጣ ሠራተኛ ነው። ማሪየስ ሚኞል የተባለው ይህ ሰው የመሐንዲስ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ኤዱዋር ሚሽላን ግን የአእምሮውን ጥራት አይቶ ወደ ምርምር ክፍል አዛወረው። ሚኞል ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ለምን እንደሚግል ሊመረምር የጎማውን ጎንና ጎን አንሥቶ በምትኩ ተራርቀው የተዘረጉ የብረት ሽቦዎችን አደረገ፤ ባልደረቦቹ ይህን እንግዳ ነገር «የዝንብ ቀፎ» ብለው ጠሩት። በእርሱም ሙቀቱ የሚመጣው ክሮቹ በሰያፍ ተሻግረው እርስ በርስ ስለሚፋተጉ መሆኑ ተገለጠ። ስለዚህ የጎኑን ክር ከአንዱ የቸርኬ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀጥ አድርጎ ዘረጋው፤ መንገዱን በሚረግጠው ፊት ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ መታጠቂያ አስታጠቀው። ጎኑ እንደ ልቡ ይተጣጠፋል፣ ፊቱ ግን ዝርግ ሆኖ ምድር ላይ ይተኛል። የፈጠራ መብቱ በ1946 ተመዘገበ፤ ጎማውም «ኤክስ» በሚል ስም ከ1949 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ። የጣሊያኑ ፒሬሊም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጨርቅ መታጠቂያ የተሠራውን ቺንቱራቶ አወጣ፤ ስሙ ራሱ «የታጠቀ» ማለት ነው።

ሹፌሮች አዲሱን ጎማ የተቀበሉት በደስታና በፍርሃት ነበር። ከሰያፉ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፣ በኩርባ ላይ ምድርን አጥብቆ ይይዛል፣ በዝናብም ይታመናል፤ ነገር ግን የመጨረሻው ወሰን በደረሰ ጊዜ የሚለቀው በድንገት ነው። ለዘመናት በጎማ ጩኸት ሲመሩ የኖሩ ሰዎች፣ ዝም ብሎ ይዞ ይዞ ዝም ብሎ የሚለቅ ጎማ ሲገጥማቸው መንዳትን እንደ ገና መማር ነበረባቸው። አሜሪካኖቹ የቆዩ ፋብሪካዎቻቸውን መለወጥ ከብዶአቸው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ዘገዩ። የውድድሩ ዓለምም እንዲሁ ነበር፤ ሚሽላን ባለ ቀጥታ ክር ጎማውን ከሬኖ ጋር ወደ ፎርሙላ ዋን ያስገባው በ1977 ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ካርሎስ ሮይተማን በፌራሪ በብራዚል የመጀመሪያውን ድል አስገኘለት፤ በ1979 ጆዲ ሼክተር በዚሁ ጎማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በዚሁ ዘመን የመንገዱ መኪና ጉልበት ከጎማው ጥበብ ቀድሞ ሄዶ ነበር። በ1975 ለሽያጭ የቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ 260 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ የተቀመጠ መኪና ነው፤ በኩርባ መካከል ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣ ሹፌር፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ የኋላው ጎማ ምድርን ለቆበት መኪናው ዞሮ ሲወረወር ያገኘዋል። ለእንዲህ ያለው መኪና የቀድሞው ጎነ ረጅም ጎማ አልበቃም። ፒሬሊ ከላንቺያ ስትራቶስ ጋር በራሊ ሜዳ ካገኘው ልምድ ያወጣው ፒ7 የተባለው ጎማ፣ ጎኑ አጭር፣ ፊቱ ሰፊ፣ በብረቱ መታጠቂያ ላይም የናይሎን ክር ዙሪያውን የተጠቀለለበት ነበር፤ ይህ ናይሎን በከፍተኛ ፍጥነት የመሽከርከሩ ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ እንዳያሳብጠው ይይዘዋል። በ1976 ለፖርሹ፣ በ1978 ደግሞ ለላምቦርጊኒ ካውንታሽ ኤልፒ400 ኤስ ሲቀርብ፣ የካውንታሹ የኋላ ጎማ ስፋቱ 345 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰፊ ጎማ ለመንገድ መኪና አልተገጠመም።

ስፋት ግን የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። በአሜሪካ ናሳ ዋልተር ሆርንና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማ በውሃ በተሸፈነ ማኰብኰቢያ ላይ ሲሄድ መርምረው፣ ጎማው ከአንድ ፍጥነት በላይ ውሃውን መግፋት ተስኖት በላዩ እንደሚንሳፈፍ፣ ያም ፍጥነት በጎማው ነፋስ መጠን እንደሚወሰን አገኙ። በእነርሱ ስሌት 32 ፒኤስአይ ነፋስ የተሞላ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ጥልቅ ውሃ ላይ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንሳፈፍ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ መሪው በሹፌሩ እጅ ላይ በድንገት ይቀልላል፤ ፍሬኑም መሪውም ከንቱ ይሆናሉ፤ የደረሰበት ሁሉ ያን ቅለት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ሰፊ ጎማ ብዙ ውሃ ስለሚያገኝ ሠሪዎቹ ጥልቅ ቦይ ሊቀዱለት ግድ ሆነ፤ የጉድይር ኩባንያ ለ1984ቱ የኮርቬት መኪና ያወጣው ኢግል ቪአር50 የጥርሱን ቅርጽ የወሰደው ከፎርሙላ ዋን የዝናብ ጎማ ነው። ፈጣን የበጋ ጎማ ለደረቅ መንገድ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ስሕተት ላይ ነው፤ በሞቃት ዝናብ ከእርሱ የሚበልጥ ጎማ የለም።

ከመያዝና ከመቆጠብ አንዱን ምረጥ የሚለውን ጨካኝ ሕግ ያለዘበው ደግሞ ከአሸዋ ወገን የሆነው ሲሊካ ነው። መኪና በቀጥታ ሲሽከረከር ጎማው የሚታጠፈው በሰከንድ በጥቂት ዐሥሮች ጊዜ ነው፤ ፍሬን ሲይዝ ግን የአስፋልቱ ጥቃቅን ጠጠሮች ፊቱን በሰከንድ በሺሆች ጊዜ ያርገበግቡታል። ሚሽላን በ1992 የጥላሸቱን ብዙውን ክፍል በሲሊካ ተክቶ፣ ከጎማው ጋር እንዲዋሐድም ሌላ ማያያዣ ጨምሮ፣ በዝግታው ቀልጣፋ፣ በፍጥነቱ ርግብግብታ ደግሞ ሰነፍ የሆነ ውሕድ አወጣ። የዛሬው ፈጣን የበጋ ጎማ ሁሉ በእርጥብ መንገድ የሚታመነው በዚህ ግኝት ነው።

የቀረው ዕዳ የጥንቱ የቍር ዕዳ ነው። የበጋው ጎማ በሙቀት እንዲይዝ የተቀመመው ውሕድ፣ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይጠነክራል፤ መታጠፍ ሲያቅተው በጠጠሩ ላይ መያዝም ያቅተዋል። እጅግ ፈጣን ለሆኑት ጎማዎች ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዜሮ በታች ወደ 7 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ መኪናውን ከቆመበት ማንቀሳቀስ እንኳ ፊቱን ሊሰነጥቀው እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፤ የጥንቱን ሙጫ ያስቸገረው ስንጥቅ ይህ ራሱ ነው። ፊንላንዶች ለበረዶ የሚሆን ልዩ ጎማ በ1934 ሠርተው፣ በ1978 ደግሞ በቍሩ ወራት እርሱን መግጠም በሕግ አስገደዱ፤ ስዊድን በ1999፣ ጀርመን በ2010 ተከተሉ። በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት፣ በሚኒያፖሊስ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን አገራቸው ሳሉ የማያውቁትን ይህን ሥርዓት ተለማምደው፣ ሁለት ዓይነት ጎማ በምድር ቤታቸው ደርድረው ያኖራሉ። በዱባይና በሪያድ ያሉት ደግሞ የበጋውን ጎማ ዓመቱን ሙሉ ይነዳሉ፤ የእነርሱ ፈተና ነፋሱ የጐደለ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ ያለ ልክ እየታጠፈ ከውስጥ ግሎ መፈንዳቱ ነው።

ሹፌሮች ስለዚህ ጎማ የሚናገሩትን ልብ ብሎ የሰማ ሰው አንድ ዓይነት ታሪክ በየቋንቋው ይሰማል። አዲስ የተገጠመ ጊዜ ከፋብሪካው ቅርጽ የተረፈው ቅባት እስኪጠፋ ድረስ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያንሸራትታል። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ደንቆሮ ነው፤ ጥቂት መንገድ ሄዶ ሲሞቅ ግን መሪው ይናገራል፣ የአስፋልቱ መልክ በመዳፍ ይታወቃል። ጎኑ አጭር ስለ ሆነ የጉድጓድ ምት አይችልም፤ በአዲስ አበባ ጎዳና እንዲህ ያለ ጎማ የገጠመ ሰው ጎኑ ላይ እባጭ ሲወጣ፣ ቸርኬውም ሲጣመም ያያል። ልምድ ያለው ጎሚስታ መኪናውን ወደ ላይ አንሥቶ መዳፉን በጎማው ፊት ላይ በዝግታ ያሳልፋል፤ ወደ አንድ ወገን ለስላሳ ሆኖ ወደ ሌላው ሲመለስ የጥርሱ ጠርዝ እጁን ከቧጨረው፣ መሣሪያ ሳይጠይቅ አላይመንቱ እንደ ጠፋ ይናገራል። ፈጣን መኪናዎች ኩርባን እንዲይዙ ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ስለሚገጠም፣ ከውጭ ሲታይ ደህና የሆነው ጎማ በውስጠኛው ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ጎሚስታው ካወረደለት በኋላ ነው።

ዕድሜም አለ። ከ2000 ጀምሮ በጎማ ጎን ላይ የሚታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። በኅዳር 2013 በካሊፎርኒያ የፊልሙ ተዋናይ ፖል ዎከር በተሳፋሪነት የነበረበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ተጋጭቶ እርሱና ሹፌሩ በሞቱ ጊዜ፣ መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ያለ ልክ መፍጠን መሆኑን ቢወስኑም፣ የመኪናው ጎማዎች የ9 ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንደ ነበሩ፣ ይህም የመያዝ ኃይላቸውን እንደ ቀነሰው መዝግበዋል። ውድ መኪና ጥቂት ስለሚነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ውስጡ ይደርቃል፤ ጥልቅ ጥርስ አይቶ የተማመነ ሰው ጎኑን ሳያነብ ቀርቶ ይሳሳታል።

በ2015 ሚሽላን ክሮስ ክላይሜት የተባለውን፣ የበጋ ጎማ ሆኖ ሳለ ለበረዶ የሚሰጠውን የምስክር ምልክት የተቀበለውን ጎማ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በማዕከላዊ አውሮፓ ብዙ የቤተ ሰብ መኪና ባለቤቶች በየጸደዩና በየመጸው ጎማ መለወጡን ትተው አንዱን ዓመቱን ሙሉ ይነዳሉ። ለእነርሱ መልካም ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋቸዋል። የፈጣን መኪና ባለቤቶች ግን አሁንም በሚያዝያ ወር፣ ጠዋቱ ከ7 ዲግሪ በላይ መዋል ሲጀምር፣ የበጋ ጎማቸውን ተሸክመው ወደ ጎሚስታ ይሄዳሉ፤ በመንገድ ላይ የሚጠብቁት ያ የመሪው ንግግር በሌላው ጎማ አይገኝምና።